ባዶ እጃችንን የሄድንበት ገና

ታኅሣሥ ሲገባ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። ባዛሩ ተከፍቷል፣ ቅናሹ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ለወዳጅዎ ምን ገዙለት የሚል መልእክት ከጠዋት እስከ ማታ ይጎርፋል። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ጂጂ በምሳ ሰዓት ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ «ሮዳስ፣ ዛሬስ ትመጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ነው?» ትለኛለች። እንደ ልማዴ ነው። ለገና ዕቃ ተሸክሜ አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ቋጣሪ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ገናን እወዳለሁ። የማልወደው የገናን ገበያ ነው፤ እሱን ደግሞ ከልቤ ነው የማልወደው። ጂጂ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋርጬዋለሁ፤ በምሳ ሰዓት የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ገፈርሳ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ በኦቦ ቦጂያ ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ አበራና እናቴ የወይንሐረግ ጉለሌ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ የከተማው ኪራይ ሲከብዳቸው ነው ወደ ቡራዩ የወጡት። በየማለዳው በሚኒባስ ወደ ሥራ ይሄዳሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ከሁለቱ ክፍሎች በአንዷ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ እንግዳ እንቀበላለን። ሁለተኛዋ ክፍል የካርቶን ነበረች።

የካርቶኖቹ ነገር እንዲህ ነው። የክርስትና እናቴ ገለቴ ከባሏ ከስምዖን ጋር ሱሉልታ ትኖራለች። እርሻ አላቸው፣ የሚታለቡ ላሞች አሏቸው፣ ልጅ ግን የላቸውም። እኛ በየገናው እነሱ ዘንድ እንሄዳለን፤ እነሱ በጥምቀት እኛ ዘንድ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ድፎ ዳቦ ይዛ ሄደች፤ ገለቴ በጥምቀት ቅቤ ይዛ መጣች። እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት? በዓመቱ እናቴ «ያን የመሰለ ቅቤ ተቀብዬ ዳቦ አንጠልጥዬ አልሄድም» ብላ የብርጭቆ ስብስብ ገዛች። ገለቴ ደግሞ «እንዲህ ያለ ብርጭቆ ለሰጠኝ የከተማ ሰው ቅቤ ይዤ ብሄድ ምን ይለኛል» ብላ መርካቶ ወርዳ ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ አመጣች። ለብርድ ልብሱ ምንጣፍ ሄደ፣ ለምንጣፉ ሲደወል ቤቱን የሚያናውጥ የግድግዳ ሰዓት መጣ፣ ለሰዓቱ የሸክላ ሳህን በደርዘን ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም ነው ተብሎ ሁለቱም ወገን ለየለት። እኛ መብራት የሚበራበት የፕላስቲክ የገና ዛፍ ወሰድን፤ እነሱ ከእኔ ቁመት የሚበልጡ ሁለት የአበባ ማስቀመጫዎች ይዘው መጡ። ማስቀመጫዎቹ የካርቶኑ ክፍል አልበቃቸው ብሎ አንዱ በራስጌዬ፣ አንዱ በግርጌዬ ቆሙ። ማታ ማታ ተገላብጬ እንዳልሰብራቸው እንደ ዱላ ደርቄ ነበር የምተኛው።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚደርሰኝ ገበያው ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እናቴ አንዱን ቅዳሜ ትመርጥና ይዛኝ መርካቶ ትገባለች። በእኔ ቁመት የሚታየው ወገብና ፌስታል ብቻ ነው። ተሸካሚ ከኋላ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» እያለ ይገፋናል፣ የሽንኩርትና የአዲስ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይቀላቀላል፣ በየሱቁ በር የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የየራሱን ዘፈን ይለቃል። እናቴ አንድ ሱቅ ገብታ ዕቃ ታነሳለች፣ በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ «ይሄ አሁን ለአበልጅ የሚሰጥ ነው?» ብላ ራሷን ትጠይቅና ትወጣለች። አሥር ሱቅ፣ ሃያ ሱቅ። ሽንቴ ሲመጣ አልናገርም፤ ብናገር ትቆጣለች። እናቴ ቁጡ ሴት አልነበረችም፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በዚያ ቅዳሜ፣ የማላውቃት ሴት ትሆንብኛለች። ያን ቀን እጠላው ነበር፤ እሷም እንደምትጠላው ግን አላውቅም ነበር።

ዕቃውን ሱሉልታ ስናደርስ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ገለቴ ካርቶኑን ተቀብላ አንድ ጥግ ታስቀምጥና ጉንጬን በሁለት እጇ ትይዛለች። «ይሄ ሁሉ ዕቃ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች ወደ እናቴ ዞራ። «ይህችን ልጅ ስጪኝና እንገላገል።» ሁሉም ይስቃል። እናቴ ግን ከንፈሯ ነው እንጂ ዓይኗ አይስቅም። ልጅ ሆኜ እንኳ ይታወቀኝ ነበር።

የ2001 ታኅሣሥ ገባ፣ እናቴም መርካቶ አልሄደችም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲያልፍ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሁለተኛውም ሲያልፍ ግን እናቴን በዓይኔ መከታተል ጀመርኩ። ትልልቅ ሰዎች የሚጠሉትን ነገር ዝም ብለው እንደማይተዉት ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤታችን ከጋሽ ሐምዱ ልጅ ከፈቲያ ጋር በር ላይ በጠጠር ቅልሞሽ እንጫወታለን። አባቴና እናቴ፣ ኦቦ ቦጂያና ጋሽ ሐምዱ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ጆሮዬ ይቆማል።

«እኔ ደክሞኛል» አለች እናቴ። «ዘንድሮ ደግሞ ምን ልውሰድላት? ከሮዳስ በቀር ያልሰጠኋት ምን ቀረ?»

«እንዲህ አይባልም» አለ አባቴ።

«እሷስ የምትፈልገው ሮዳስን አይደል? በአፏ ትናገረው የለ?»

«ታዲያ አንቺው ሄደሽ ንገሪያት» አሉ ጋሽ ሐምዱ።

«እኔ? በየትኛው አፌ?»

ኦቦ ቦጂያ የቤታችን ባለቤት ብቻ ሳይሆኑ የሰፈሩ ሽማግሌም ናቸው። በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ ቆዩና፣ «ይሄ በሽማግሌ ነው የሚያልቀው» አሉ። «እኔና ሐምዱ አብረን እንሄዳለን። ምንም ነገር አትግዙ። ባዶ እጃችንን እንሂድ፤ የቀረውን ለእኔ ተዉት።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አባቴ ትከሻዋን ይዞ፣ «በቃ፣ ከእንግዲህ ትገላገያለሽ» አላት።

የሽማግሌን ሥራ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ከእኛ ዝቅ ብሎ ወዳለው ቤት ሄደው ነበር። ቆመው አንድ ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ ተቀመጡ፣ ከሦስት ወር በኋላ የዚያ ቤት ልጅ ኤቢሴ በአበባ ባጌጠ መኪና ሄደች። እናቷ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ሽማግሌ ከመጣ ልጅ ይሄዳል ማለት ነው። ደግሞም ባዶ እጃችንን እንሂድ ካሉ፣ እኔም አብሬ ከሄድኩ፣ ስጦታው ማን እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ጠጠሩን መያዝ አቃተኝ፣ ፈቲያ አሸነፈችኝ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው እናቴ ያለቀሰችው ቀለል ስላላት ነው። ሰባት ዓመት የተሸከመችውን ሌላ ሰው ላግዝሽ ሲላት ነው ያለቀሰችው። ያን ጊዜ ግን ለእኔ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ልብሶቼን አጣጥፋ በከረጢት ስትከት አየኋት። ቀይ ሹራቤን፣ ቡናማ ቀሚሴን፣ ሁለቱን ሱሪዎቼን። ከረጢቱን በሩ አጠገብ አኖረችው። የጠበቡኝን ልብሶች ለፈቲያ ታናሽ እህት ልትሰጥ ነበር፤ በየዓመቱ የምታደርገው ነገር ነው። እኔ ግን ጓዜ መሰለኝ።

ለምን አልጠየቅሁም? አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ነገር በዚያው ያልቅ ነበር። ፈርቼ ነው። ከጠየቅሁ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ከመጠየቅ ይልቅ ጥሩ ልጅ መሆን ጀመርኩ። የቀረበልኝን ሁሉ እበላለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ፣ የአባቴን ጫማ አጸዳለሁ፣ ምንም ነገር ግዙልኝ አልልም። እናቴ አንድ ቀን ግንባሬን በእጇ ዳስሳ፣ «ይህች ልጅ አሟታል እንዴ?» አለች።

ምስጢሬን ለፈቲያ ብቻ ነገርኳት። አምስቱን ጠጠሮቼንም ሰጠኋት።

«ላሞች አሏቸው አይደል?» አለች አሰብ አድርጋ።

«አሏቸው።»

«እንግዲያው ወተት ትጠጫለሽ።» ጠጠሮቹን ኪሷ ከተተች። «በግ ካላቸው ደግሞ ለአረፋ እመጣለሁ።»

ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ኦቦ ቦጂያና ጋሽ ሐምዱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አባቴም ጋቢ ደርቦ፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እኔ ሹራብ በሹራብ ላይ ለብሼ ወጣን። ከረጢቱ በሩ አጠገብ ቀረ። ገለቴ አዲስ ልብስ ትገዛልኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ይህም አላጽናናኝም።

መንገዱን ሙሉ ሰው ዕቃ ተሸክሟል። አውቶብስ ተራ ዶሮዎች ተዘቅዝቀው ያልፋሉ፤ አዲሱ ገበያ ደግሞ በጎች ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ቁልቁል ያዩናል፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ እንቁላል በትሪ፣ የታሸገ ካርቶን በየጭኑ ላይ። ሱሉልታ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ረዳቱ፣ «ዕቃ የላችሁም?» አለ። «የለንም» አለ አባቴ። ረዳቱ አላመነም፤ ከኋላችን ጎንበስ ብሎ አየ። እናቴ ሁለት እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት አንዴ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ አንዴ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። እኔ አንዱን እጇን ያዝኩና ዳገቱን ወጥተን ቁልቁለቱን እስክንጨርስ አልለቀቅኩትም።

ሱሉልታ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ከአስፋልቱ ወርደን ሳሩን እየረገጥን ወደ ግቢያቸው ስንቀርብ ከእናቴ ኋላ ገብቼ በነጠላዋ ተሸፈንኩ። ገለቴ ያለበችውን ወተት በባልዲ ይዛ ከጋጣው ስትወጣ አየችን። ቆመች። ከፊት ሦስት ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ከኋላቸው የተከናነበች እናቴ፤ ካርቶን የለ፣ ፌስታል የለ። ባልዲው ከእጇ ወደቀ።

«ማል ታቴ?» አለች። ምን ሆነ ማለቷ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሮዳስን ምን አደረጋችኋት? ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

ስሜን ስሰማ በነጠላው ጎን ብቅ አልኩ። ገለቴ አየችኝ። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። መሬት ተንበርክካ አቀፈችኝ፣ ጨመቀችኝ፣ ፊቴን፣ ራሴን፣ እጄን ሳመችኝ። ልብሷ የወተትና የጋጣ ሽታ ነበረው። «ኢንተላ ኮ፣ ኢንተላ ኮ» ትላለች፤ ልጄ፣ ልጄ። በቃ ተረከበችኝ አልኩ በሆዴ። እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ አባቴም፣ ኦቦ ቦጂያም፣ ጋሽ ሐምዱም አሳምረው ያውቃሉ። ምን እንናገር፣ ማን ይጀምር እያሉ ሳምንት ሙሉ ሲመክሩ፣ በር ላይ ስንቆም ምን እንደምንመስል ግን አንዳቸውም አላሰቡም። ሰባት ዓመት ካርቶን ተሸክሞ የሚመጣ ቤተሰብ አንድ ቀን ባዶ እጁን ቢመጣ፣ ያቺ ሴት ሌላ ምን ታስብ? እናቴ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ስታነሳ ፊቷ ይቀላል።

ስምዖን ከቤት ሮጦ ወጣ፣ ሁሉም ደኅና መሆኑን ሲሰማ አማተበና አስገባን። ገለቴ እኔን አልለቀቀችም። ወንበር ቀረበ፤ ኦቦ ቦጂያና ጋሽ ሐምዱ ግን አልተቀመጡም።

«ኧረ ተቀመጡ፣ አባቶቼ» አለ ስምዖን። «የመጣችሁበትን ተቀምጣችሁ ንገሩን።»

«እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ቦጂያ።

እንደ ኤቢሴ ቤት ሽማግሌዎች ቆሙ።

ኦቦ ቦጂያ መጀመሪያ በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ፤ ስምዖን ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ እናትና አባቴም እንዲሰሙ ብለው ወደ አማርኛ መጡ። «በፉክክር ደጅ ሳይዘጋ ያድራል ይባላል። የእናንተም ደጅ እኔ ልዝጋው፣ አንተ ዝጋው ሳትባባሉ ሰባት ዓመት ክፍቱን አደረ። አበልጆቻችሁ የላኩን ይህን በሉልን ብለው ነው፤ ዕቃው ይብቃን። ስንመጣ ባዶ እጃችንን እንምጣ፣ ስትመጡም ባዶ እጃችሁን ኑልን። ወዳጅነታችን እንዳለ ይሁን። ይህን ለመናገር አፍረው እኛን ለመኑን።»

እናቴ ወለሉን ታያለች። ስምዖን ገለቴን አያት፣ ገለቴ ስምዖንን አየችው። ከዚያ ገለቴ ሳቀች። ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀችና ተነስታ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠችው። የብርጭቆው ካርቶን፣ የሳህኑ ካርቶን፣ የተጠቀለለው ምንጣፍ፣ የፕላስቲኩ ዛፍ፣ ሁሉም እንደታሸገ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

«እኔ እኮ ለጥምቀት ምን እንደምገዛላችሁ ጨንቆኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለች።

«እኔም ባለፈው እሑድ ቄሱን አማክሬ ነበር» አለ ስምዖን እያፈረ። «ሽማግሌ ሆነው ወደ እናንተ እንዲሄዱልን።»

አባቴ የሳቀው ሳቅ ከሆዱ የወጣ ነበር። ጋሽ ሐምዱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወንበሩን ሳብ አደረጉ። ሁሉም ሊቀመጥ ነው። ነገሩ አልቋል፤ ስለ እኔ ግን ማንም ምንም አላለም። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እኔስ?» አልኩ። «እኔ እዚህ ልቀር ነው?»

«ለምን ትቀሪያለሽ?» አለ አባቴ።

«ለእሷ ልትሰጡኝ አይደል? ሁልጊዜ ስጡኝ ትላለች። እማዬም ከሮዳስ በቀር ያልሰጠኋት የለም ብላለች። ልብሴንም በከረጢት አድርጋዋለች።»

ሳቁ ቆመ። እናቴ ወንበር አልፈለገችም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ወደ እሷ ሳበችኝ። «የእኔ እናት» አለች። ገለቴም መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የወይንሐረግ» አለች ገለቴ። «አበልጄ» ስትላት እንጂ በስሟ ስትጠራት ሰምቼ አላውቅም። «ይሄ ሁሉ ዕቃ፣ ለዚያ ወተት ነበር?»

እናቴ አንገቷን ደፋች። «በምን ልመልስልሽ? ሌላ ምን አለኝ?»

«አጠባኋት እንጂ መች ሸጥኩልሽ።»

እኔ በር ላይ ስለፈሰሰው ወተት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። እውነቱን የሰማሁት ትልቅ ልጅ ከሆንኩ በኋላ ነው። በተወለድኩ በማግስቱ እናቴን ትኩሳት ጣላት፤ ጡቷ ደረቀ፣ ሰውም አትለይም ነበር። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ከአጠገቧ የተኛችው ገለቴ ነበረች። የእሷ ልጅ በዚያው ቀን ነው የሞተው። እኔ ሳለቅስ ከአልጋዋ ተነስታ አቀፈችኝና ጡቷን ሰጠችኝ። እናቴ እስክትነሳ ዘጠኝ ቀን ያደርኩት በእሷ ጡት ነው። እናቴ ይህን በብርጭቆና በምንጣፍ ልትመልስ ሰባት ዓመት ለፋች። ገለቴም የተሰጣትን ሁሉ በሌላ ዕቃ እየመለሰች፣ ምንም የለብሽም ልትላት ሰባት ዓመት ለፋች። አንዳቸውም በአፋቸው አልተናገሩትም።

ገለቴ ጉንጬን እንደ ልማዷ በሁለት እጇ ያዘች። «ከእንግዲህ ስጡኝ አልልም» አለችኝ። «ቀልዴን ነበር። ልጅ ፊት እንዲህ አይቀለድም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁ።» ቃሏን ጠበቀች። ሁሉም ቀልድ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው የምወዳት።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የነቢያት ጾም ስለነበር ከሌላ ላም የታለበው ወተት የቀረበው ለእኔና ለጋሽ ሐምዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ቆሎ እየቆረጠሙ አዩን። ጋሽ ሐምዱ ሁለተኛውን ጠጥተው ጢማቸውን ሲጠርጉ፣ «እንዲህ ያለ ሽምግልና ካለ በየሳምንቱ ጥሩኝ» አሉ። እናቴ ሳቀች። ዓይኗም ሳቀ።

እኩለ ቀን ላይ ተነሳን። ገለቴ እስከ አጥሩ ሸኘችን። ምንም አልሰጠችንም፣ ምንም አልሰጠናትም፤ ሁለቱም ወገን ግን እጁን ምን እንደሚያደርገው ያላወቀ ሰው ሆኖ ቆመ። ከዚያ ገለቴ እጄን ይዛ እናቴ እጅ ውስጥ አስገባችው።

«እንኪ ልጅሽን» አለች። «ይዘሻት ሂጂ።»

«ልጃችንን በይ» አለች እናቴ።

ገለቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። አባቴ ወደ ሌላ አየ፣ ኦቦ ቦጂያ ከዘራቸውን አስተካከሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ የሰማሁት «ይዘሻት ሂጂ» የሚለውን ብቻ ነው። የእናቴን እጅ ለቅቄ፣ ሳሩን እየዘለልኩ፣ ሁሉንም ጥዬ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ።